«ሙቀት» ሲባል የትኛው ሙቀት? የቻይና ባህላዊ ሕክምና እና የሐሩር ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2022 ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቻይናን የመታው ሐሩር፣ ሀገሪቱ የተሟላ የአየር ሁኔታ መዝገብ መያዝ ከጀመረችበት ከ1961 ወዲህ በርዝመቱም በብርታቱም አቻ ያልተገኘለት ነበር። ነሐሴ 18 ቀን በቾንግቺንግ ከተማ ሥር ባለችው በቤይቤይ ወረዳ የሙቀት መለኪያው 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2023፣ በሺንጂያንግ የቱርፓን ተፋሰስ 52.2 ዲግሪ ተመዘገበና አዲስ ብሔራዊ ክብረ ወሰን ሆነ።

በእንዲህ ያሉ ቀናት በብዙ የቻይና ቤቶች ከመድኃኒት ሳጥን ቀድማ የምትወጣው የጣት ቁመት ያላት አንዲት ጠርሙስ ናት። በውስጧ ያለው ጠይም ፈሳሽ ሁዎሺያንግ ዠንግቺ ይባላል። ሽታው ኃይለኛ፣ ጣዕሙ መራራና የሚያቃጥል ነው፤ ሰው ግን «ለሙቀት» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጠዋል። በዚያው ሰሞን የቻይና ሐኪሞች፣ የባህላዊ ሕክምና ባለሙያዎችም ጭምር፣ ይህ መድኃኒት የሙቀት ምትን፣ ማለትም ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ሲሳነው የሚመጣውን አደገኛ ሕመም፣ እንደማያድንና ሊያባብስም እንደሚችል ያሳስባሉ። ማሳሰቢያው ዓመት በመጣ ቁጥር መደገሙ ችግሩ ከአንድ መድኃኒት አጠቃቀም የሰፋ መሆኑን ያሳያል። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ «ሙቀት» ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። ሦስቱን ሳይለዩ ይህን ሕክምና መደገፍም ሆነ መቃወም ከንቱ ክርክር ነው፤ በሐሩር ቀን ደግሞ ክርክሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ሦስቱ ሙቀቶች

የመጀመሪያው በቤትና በማዕድ ዙሪያ የሚነገረው ነው። አፉ የቆሰለ፣ ጉሮሮው የከረከረው፣ ፊቱ ላይ ብጉር የወጣበት ወይም ሆዱ የደረቀበት ቻይናዊ «ሻንግሁዎ» ሆነብኝ ይላል፤ እሳት ወደ ላይ ወጣብኝ እንደ ማለት ነው። ይህ የሐኪም ምርመራ ውጤት ሳይሆን ሰው ራሱ ለራሱ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ጥብስ ማብዛት፣ በርበሬ፣ የበግ ሥጋ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ንዴት ሁሉም በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ግዛት ሊቺ ስለሚባለው ጣፋጭ ፍሬ «አንድ ጉርሻ ሊቺ፣ ሦስት ችቦ እሳት» የሚል አባባል አለ። ሻንግሁዎ ሆነብኝ የሚለው ሰው ሙቀቱ ቢለካ ግን ብዙውን ጊዜ እንደማንኛውም ጤነኛ 37 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሁለተኛው የሐኪሙ ሙቀት ነው። የቻይና ባህላዊ ሐኪም ሕክምናውን የሚመሠርተው «ዠንግ» በሚባለው ላይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «የሕመም መልክ» እንለዋለን። የሕመም መልክ ማለት በአንድ ወቅት በአንድ በሽተኛ ላይ አብረው የሚታዩ ምልክቶች ስብስብና የስብስቡ ትርጓሜ ነው። አንድ በሽታ በሁለት ሰዎች ላይ ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ በሽታዎችም አንድ መልክ ሊይዙ ይችላሉ። በአንድ ጉንፋን የተያዙ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ሐኪም ዘንድ ገብተው አንዱ ለሙቀት፣ ሌላው ለብርድ የሚሆን ቅጠል ይዘው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣው የሐሩር ወራት ሙቀት ሲሆን «ሹ» ይባላል። ጥንታዊው ትምህርት ሰውን የሚያሳምሙ ስድስት የአየር ጠባዮችን ይቆጥራል፤ እነርሱም ነፋስ፣ ብርድ፣ ሹ፣ እርጥበት፣ ድርቀትና እሳት ናቸው። ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የተጠናቀረው የዚህ ሕክምና መሠረታዊ መጽሐፍ፣ በተለምዶ የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ ሕክምና የሚባለው፣ ትኩሳት ያለበት ሕመም ከዓመቱ ረጅሙ ቀን በፊት ከያዘ «የሞቃት በሽታ»፣ ከዚያ ቀን በኋላ ከያዘ «የሹ በሽታ» ነው ይላል። ልብ ማለት የሚገባው ነገር ቢኖር እዚህ መለያው የዘመን መቁጠሪያ መሆኑ ነው። በዛሬ ዓይን ሲታይ ወባ፣ የአንጀት ተስቦ፣ የምግብ መመረዝና የፀሐይ ምት ሁሉም በሐሩር ወራት ስለሚበዙ በአንድ ጥላ ሥር ሊገቡ ይችሉ ነበር።

ሐኪሙ ሙቀትን እንዴት ያነባል?

ሙቀትን ለመለየት ባህላዊው ሐኪም ቴርሞሜትር የግድ አይፈልግም። ምላስን ያያል፣ በሁለቱም እጆች አንጓ ላይ ሦስት ጣቶቹን አሳርፎ የደም ሥር ትርታ ያዳምጣል፣ ይጠይቃል። ብርድ ብርድ ይልሃል ወይስ ልብስህን መጣል ያሰኝሃል? ሲጠማህ ቀዝቃዛ ነው የሚያምርህ ወይስ ትኩስ? ሽንትህ የጠራ ነው ወይስ የጠቆረ? ምላስ ቀልቶ ቢጫ ሽፋን ከያዘ፣ ትርታው ከፈጠነ፣ በሽተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ከተመኘና ሽንቱ ከጠቆረ የሕመሙ መልክ ሙቀት ነው ይባላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የዚህ ሕክምና ጥበብ የሚፈተንበት ነው፤ ሙቀቱ የመብዛት ነው ወይስ የመጉደል? ለዚህ ዪንና ያንግ የተባሉትን ሁለት ወገኖች ማወቅ ያስፈልጋል። ያንግ በሰውነት ውስጥ የሚያሞቀው፣ የሚያንቀሳቅሰው ወገን ነው፤ ዪን የሚያረጥበው፣ የሚያቀዘቅዘው፣ የሚያሳርፈው። ድስት የሚያርረው እሳቱ ስለበዛ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ስላለቀም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሙሉ ሙቀት፣ ሁለተኛው ባዶ ሙቀት ይባላል።

ሁለት በሽተኞችን ጎን ለጎን እንይ። አንዱ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ሙቀቱ 39.5 ደርሷል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ በረዶ የገባበት ውሃ ይለምናል፣ ትርታው ጣትን ገፍቶ የሚያነሳ ትልቅ ማዕበል ነው። የጥንቱ ትምህርት እነዚህን «አራቱ ታላላቆች» ይላቸዋል፤ ታላቅ ትኩሳት፣ ታላቅ ላብ፣ ታላቅ ጥማት፣ ታላቅ ትርታ ማለት ነው። የሚታዘዘው ነጭ ነብር የተባለ የፈላ መድኃኒት ሲሆን ዋና ቅመሙ ጀሶ ነው፤ ዢሙ የተባለ ሥር፣ ጣፋጭ ሥርና ሩዝ ይጨመሩበታል። ሌላዋ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ጠዋት ደህና ናት። ወደ ማታ ግን መዳፏ፣ ውስጥ እግሯና ደረቷ ይነድዳል፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ ምላሷ ቀይ ሆኖ ሽፋን የለውም፣ ትርታዋ ፈጣን ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ነጭ ነብር ለእሷ ቢሰጥ እንደ ትምህርቱ ስህተት ነው፤ የሚያስፈልጋት ማጥፋት ሳይሆን ማረስረስ ነው።

የዘመናዊ ሕክምና ሐኪም እነዚህን ሁለት ሰዎች ቢያይ የመጀመሪያውን ለኢንፌክሽን ይመረምረዋል፣ በሁለተኛዋ ላይ የማረጥን ምልክት ያያል። ሁለቱ ሕክምናዎች በምክንያቱ ባይስማሙም ሁለቱ በሽተኞች የተለያዩ ናቸው በሚለው ይስማማሉ። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሺህ ዓመታት በጥንቃቄ ሲመለከት ኖሯል፤ የተመለከተውንም በቅደም ተከተል አስቀምጧል።

በደቡቡ የቻይና ክፍል በብዛት የሚጠቀሰው ሌላው መልክ የእርጥበትና የሙቀት ድብልቅ ነው። በሽተኛው ሰውነቱ ይከብደዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ትኩሳቱ ከሰዓት በኋላ ይብሳል፣ ምላሱ ቢጫና ቅባት የተቀባ የሚመስል ሽፋን ይይዛል። ለማከም ያስቸግራል የሚባለውም ሙቀቱን የሚያበርድ መድኃኒት እርጥበቱን ስለሚያባብስ፣ እርጥበቱን የሚያደርቀው ደግሞ ሙቀቱን ስለሚያነድድ ነው።

የንባቡ ድክመትም አብሮ መነገር አለበት። ቢጫ የምላስ ሽፋን ከቡና፣ ከሲጋራ ወይም ቀለም ካለው ከረሜላ ሊመጣ ይችላል። ፎቅ በደረጃ የወጣ ወይም ሐኪም የሚፈራ ሰው ትርታው ይፈጥናል። ጎበዝ ሐኪም ይህን ያውቃልና ይጠይቃል፤ ሁሉም ግን አይጠይቅም።

ከብርድ ትምህርት ወደ ሙቀት ትምህርት

የቻይና ባህላዊ ሕክምና አንድ ጊዜ ተጽፎ የቆመ ይመስል የሚቀርበው ትረካ እውነት አይደለም። የሙቀት ትምህርት የተወለደው ከወረርሽኝና ከጠንካራ የውስጥ ተቃውሞ ነው።

በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለው ሐኪም ትኩሳት ያለባቸውን በሽታዎች በብርድ መጎዳት አስረዳ። ብርድ ከቆዳ ይገባል፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ በመንገዱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ትምህርት ከሺህ ዓመታት በላይ ገዢ ሆኖ ቆየ። በ1640ዎቹ መጀመሪያ፣ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበት ዘመን፣ ወረርሽኝ ብዙ ግዛቶችን ሲያረግፍ በብርድ ትምህርት መሠረት የሚሰጡት የሚያሞቁ መድኃኒቶች አልሠሩም። ዉ ዮውኬ የተባለ ሐኪም በ1642 በጻፈው መጽሐፍ ወረርሽኙ ከስድስቱ የአየር ጠባዮች የአንዱም ውጤት አይደለም፣ በአፍና በአፍንጫ የሚገባ የራሱ የሆነ ክፉ ነገር ነው አለ። ጀርም የሚባል ነገር ከመታወቁ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት መሆኑን ስናስብ ድፍረቱ ያስደንቃል።

ከእሱ በኋላ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ዬ ቲያንሺ የሙቀት በሽታ ወደ ሰውነት የሚገባባቸውን አራት እርከኖች ቀረጸ። በመጀመሪያው እርከን ቀላል ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አለ። በሁለተኛው ከባድ ትኩሳትና ጥማት ይመጣል። በሦስተኛው ትኩሳቱ ሌሊት ይብሳል፣ በሽተኛው ይቃዣል፣ ሽፍታ ብልጭ ይላል። በአራተኛው ሙቀቱ ደም ውስጥ ገብቷል፤ ከአፍንጫ፣ ከድድ ወይም ከቆዳ ሥር ይደማል። ዉ ጁቶንግ ደግሞ በ1798 ይህንን ትምህርት አደራጅቶ መድኃኒቶቹን ለየእርከኑ መደበ። ዛሬ በቻይና ፋርማሲዎች ለጉንፋንና ለጉሮሮ የሚሸጡ ብዙ ክኒኖች ከእሱ ቅመማ የወጡ ናቸው።

የአራቱ እርከኖች ገለጻ በዘመናዊ ሕክምና የደም መመረዝ ከሚባለው ሂደት ጋር ይቀራረባል፤ መጀመሪያ ትኩሳት፣ ከዚያ የአንጎል መታወክ፣ በመጨረሻ የደም መርጋት ሥርዓት መናጋትና መድማት ይከተላል። ይህ ግን ዬ ቲያንሺ የደም መመረዝን አግኝቶ ነበር ማለት አይደለም። ደጋፊዎች አልፎ አልፎ እዚህ ድምዳሜ ላይ ሲዘልሉ ይታያል፤ አካሄድን መመልከትና ምክንያትን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ጠርሙሷ ለማን ተቀመመች?

አሁን ወደ ሁዎሺያንግ ዠንግቺ እንመለስ። ቅመማው ከሶንግ ሥርወ መንግሥት የመንግሥት መድኃኒት ቤት የመጣ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ነው። በውስጡ ሁዎሺያንግ የተባለው መዓዛማ ቅጠል ዘይት፣ የመንደሪን ልጣጭ፣ የማግኖሊያ ዛፍ ቅርፊትና ሌሎችም አሉ። አብዛኞቹ በትምህርቱ መሠረት የሚያሞቁና የሚያደርቁ ናቸው። ታዲያ የሚያሞቅ መድኃኒት ለሐሩር ወራት ለምን ተመረጠ?

መልሱ የሹ ሕመም ሁለት ዓይነት በመሆኑ ላይ ነው። «ያንግ ሹ» የሚባለው በፀሐይ ውስጥ ሲሠራ ወይም ረጅም መንገድ ሲጓዝ ውሎ በሙቀቱ የተመታ ሰው ነው። «ዪን ሹ» የሚባለው ደግሞ በሐሩር ወራት ከሙቀት ሸሽቶ ጥላና ነፋስ ውስጥ ያደረ፣ ቀዝቃዛ መጠጥና ሐብሐብ ያበዛ፣ ከዚያ ብርድ ብርድ ብሎት ያስታወከውና ያስቀመጠው ሰው ነው። ዛሬ ከአየር ማቀዝቀዣ ሥር የሚያድር የከተማ ነዋሪ ማለት ነው። ሁዎሺያንግ ዠንግቺ የተቀመመው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ለፀሐይ ምት መስጠት በራሱ በባህላዊው ሕክምና ሕግ ስህተት ነው። በሐሩር ወራት የሚወሰድ መሆኑ ብቻ ሐሩርን የሚያክም አስመስሎታል።

ከቅመማው በላይ የሚያሳስበው የሚሟሟበት ነገር ነው። ፈሳሹ ከ40 እስከ 50 በመቶ አልኮል አለው። አሥር ሚሊ ሊትር የምትይዘው ጠርሙስ ግማሿ ገደማ አልኮል ነው ማለት ነው። ሴፋሎስፖሪን ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች አንዳንዶቹን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ አልኮሉ በጉበት ውስጥ በወጉ እንዳይፈርስ ይሆንና ፊት ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። በሙቀት ራሱን ሊስት የተቃረበ ሰው አልኮል ቢጋት ደግሞ ውሃው የበለጠ ይጎድላል፤ ንቃተ ኅሊናው ከደከመ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አልኮል የሌለባቸው የዚሁ መድኃኒት ዓይነቶችም ይሸጣሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ የሙቀት ምትን አያክሙም።

የሙቀት ምት በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ በትኩሳትና በሙቀት ምት መካከል ያለውን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። በትኩሳት ጊዜ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ራሱ ልኩን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውየው 39 ዲግሪ ሆኖ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። በሙቀት ምት ጊዜ ግን ልኩ አልተለወጠም። ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ተስኖታል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ላብ አይተንም፤ ያልተነነ ላብ ቢንጠባጠብም አያበርድም። በያንግዜ ወንዝ ዳር ያሉ ከተሞች ከበረሃማው ቱርፓን ባነሰ ዲግሪ ብዙ ሰው የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው።

የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰውየው መቀባዠር፣ መንገዳገድ ወይም መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሙቀት ምት ነው። አንጀት መርዙን መያዝ ያቅተዋል፣ ደም ያለ ቦታው ይረጋል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳሉ። የትኩሳት ማስታገሻ ክኒን አይሠራም፤ ሊያወርደው የሚችለው ከፍ ያለ ልክ የለምና። የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ወዲያው ማቀዝቀዝ። ልብስ አውልቆ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር፣ ካልተቻለ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ በረዶ ከተገኘ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ማድረግ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ አለማቋረጥ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ የወረደለት ሰው የመዳን ዕድሉ ብዙ ነው። ምላስ ለማየትና ትርታ ለማዳመጥ የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ግማሽ ሰዓት የሚቆረጥ ነው።

ቀለል ላለው የሙቀት ድካም ግን የቻይና ቤቶች ልማድ ከሳይንሱ ጋር ብዙም አይጣላም። የማሾ ሾርባ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ውሃና ማዕድን ይተካል። ሐብሐብ በቻይና «ተፈጥሮ የሠራችው ነጭ ነብር» ተብሎ ይወደሳል፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ጥላ ፈልጎ ማረፍም በሁለቱም ሕክምናዎች የታዘዘ ነው።

የመራራው ሻይ ንግድ

በጓንግዶንግና በሆንግኮንግ የሊያንግቻ ቤቶች በደጃፋቸው የቅል ቅርጽ ያላቸው ትላልቅ የነሐስ ማንቆርቆሪያዎች ያስቀምጣሉ። ሊያንግቻ ቀዝቃዛ ሻይ ማለት ይሁን እንጂ ሻይ ቅጠልም የለበትም፣ ቀዝቃዛም ላይሆን ይችላል፤ ሙቀትን ያወርዳሉ የሚባሉ ዕፅዋት ፈልተው የወጡ ጥቁር መራራ ውሃ ነው። መንገደኛው ቆሞ አንድ ሳህን ይጠጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ መንገዱን ይቀጥላል። እርጥበት በበዛበት ሀገር ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው፤ በ2006 በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከእነዚህ አንዱ፣ በ1828 የተጀመረው ዋንግላኦጂ፣ በዘመናችን በቆርቆሮ ታሽጎ «ሻንግሁዎ የሚያሰጋህ ከሆነ ጠጣ» በሚል ማስታወቂያ መላ ቻይናን አዳረሰ። የታሸገው መጠጥ ግን ጣፋጭ ነው፤ ስኳር ገብቶበታል። የሚያስቆጨው ይህ ነው። በባህላዊው ትምህርት ሙቀትን ለማውረድ ከመጠጣት በፊት ሙቀቱ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ሆዱ ደካማ የሆነ ሰው ወይም ባዶ ሙቀት ያለባት ሴት የሚያበርድ ዕፅ ቢያዘወትሩ ይጎዳሉ ይላል። ማስታወቂያው ይህንን ጥያቄ ሰርዞ ፍርሃቱን ብቻ አስቀረ።

ማስረጃው ወዴት ያደላል?

የሙቀት ትምህርት ደጋፊዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ቺንግሃኦ የተባለውን ተክል ነው። በባህላዊው ምደባ ይህ ተክል ባዶ ሙቀትን የሚያወርድና ወባን የሚያክም ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈው የአደጋ ጊዜ መድኃኒት መጽሐፍ አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት ያዝዛል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮውዮው ከ1971 ጀምሮ ይህንን ስታነብ መድኃኒቱ ያልተፈላ መሆኑን አስተዋለች፤ ምናልባት ሙቀት ፍቱን ንጥረ ነገሩን ያጠፋዋል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኢተር በሚባል ፈሳሽ አወጣችው። አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ተገኘ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸለመች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና አድርጋ የተቀበለችው፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ከዚሁ የመጣ ነው።

ተቃዋሚዎች በዚያው ታሪክ ሌላ ነገር ያነባሉ። ተክሉን የጠቆመው ባህሉ ነው፤ መድኃኒት ያደረገው ግን ንጥረ ነገሩን መለየት፣ መጠኑን መወሰንና በሰው ላይ መፈተን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የተክሉን ሻይ ለወባ መጠቀምን አይደግፍም፤ በሻይ ውስጥ ያለው መጠን የማይታወቅና አነስተኛ ስለሆነ ተውሳኩን ሳይገድል ከመድኃኒቱ ጋር ሊያላምደው ይችላል። በዚህ ክርክር የተቃዋሚዎቹ ወገን ያመዝናል እላለሁ። አንድ ጭብጥ ግን ለደጋፊዎቹ ይቀራል፤ ጥንታዊ መዝገብ ለምርምር የት መቆፈር እንዳለበት ሊያሳይ ይችላል።

የምርመራው አስተማማኝነት ሌላ ጉዳይ ነው። በሩማቲዝም በሽተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሦስት የሠለጠኑ ባህላዊ ሐኪሞች ለየብቻቸው ያንኑ ሰው መርምረው በሕመሙ መልክ ላይ የተስማሙት በሢሶ ያህል ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ መልክ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፣ ሐኪምም እንደ ልምዱ ያያል ይላሉ። ይህ ግን በቂ መልስ አይደለም። ለአንዱ ሙሉ፣ ለሌላው ባዶ የሚመስል ሙቀት ካለ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የተሳሳተ መድኃኒት ያዛል።

የተሳሳተ መድኃኒት ዋጋም ተከፍሏል። «የጉበት እሳት» ለሚባለው፣ ዓይን ለሚቀላበት፣ ራስ ለሚያምበትና ሰው ለሚቆጣበት መልክ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ክኒን ነበር። በጥንቱ ቅመማ የነበረው ሙቶንግ የተባለው ሐረግ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሌላ ተመሳሳይ ስም ባለው ሐረግ ተተካ፤ ተተኪው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ኩላሊት የሚያጠፋና ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገር ነበረበት። እሳት ለማብረድ ብለው ለወራት የዋጡት ሰዎች ኩላሊታቸውን አጡ። ቻይና ያንን ሐረግ ያገደችው በ2003 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1993 የቤልጂየም ሐኪሞች ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅዋት በወሰዱ ሴቶች ላይ ያንኑ ጉዳት አስታውቀው ነበር። አሥር ዓመት ረጅም ጊዜ ነው።

በ2019 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ክርክሩን አጋግሎታል። ሃያ ስድስተኛው ምዕራፉ የባህላዊ ሕክምና መልኮችን፣ «የሙቀት መልክ» የሚለውንም ጨምሮ፣ ኮድ ሰጥቷቸዋል። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በርእሰ አንቀጹ ውሳኔው ያልተፈተነ ሕክምናን ሊያስፋፋ ይችላል ብሎ ተቃወመ። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ምዕራፉ ለመመዝገቢያ እንጂ ለማጽደቂያ አይደለም አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ያልተመዘገበ ነገር አይጠናም፤ የተመዘገበ ነገር ደግሞ በገበያ «በዓለም ጤና ድርጅት የታወቀ» ተብሎ ይሸጣል።

ለሠራተኛው፣ ለመንደሩና ለመዝገቡ

በ2012 የወጣው የቻይና ደንብ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ የደጅ ሥራ እንዲቆም፣ ከ37 እስከ 40 ሲሆን ከስድስት ሰዓት እንዳይበልጥና በቀኑ እጅግ ሞቃታማ ሦስት ሰዓታት እንዳይሠራ ያዝዛል። በሥራ ላይ የደረሰ የሙቀት ምት የሙያ በሽታ መሆኑ ሲረጋገጥ ሠራተኛው የካሳ መብት ያገኛል። ለማረጋገጥ ግን የተለካ ሙቀትና የሆስፒታል መዝገብ ያስፈልጋል። ራሱን ሲያዞረው ከፋርማሲ የሙቀት መድኃኒት ገዝቶ ቤቱ የተኛ ሠራተኛ ይህ ሁሉ አይኖረውም። ሙቀቶቹን መደባለቅ ከጤናው ሌላ መብቱንም ይነካል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ምች የምንለው ሕመም ከሹ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ፀሐይ ከመታ በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የከንፈር ቁስል ሲሆን በዳማከሴ ጭማቂ ይታከማል። ፀሐይ የከንፈር ቁስልን የሚያመጣውን ቫይረስ እንደምትቀሰቅስ ዛሬ ይታወቃል፤ የእናቶቻችን አስተውሎት ትክክል ነበር። ዳማከሴ ለዚያ ይሁን። በአፋር፣ በጋምቤላ ወይም በመተማ ሜዳ ላይ ሲሠራ ውሎ መቀባዠር የጀመረ ሰው፣ በባሕረ ሰላጤው ሀገራት በግንባታ ላይ ያለ ወንድማችንም፣ ምች መታው ተብሎ በቅጠል ከታሸ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አዲስ ምዕራፍ ላይ ቢያንስ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የሕመም መልክ ኮድ ብቻውን እንዲቆም ሳይሆን ከተለመደው የበሽታ ኮድ ጋር እንዲጻፍ ይመከራል። በሐሩር ወራት በአንድ በሽተኛ ካርድ ላይ «የሙቀት መልክ» እና የተለካው የሰውነት ሙቀት፣ ከዚያም ሰውየው መዳኑ ወይም መሞቱ ጎን ለጎን ከተጻፉ፣ መልኩ ስለ በሽተኛው ዕጣ አንዳች የሚናገረው ነገር እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዙ ሺህ ካርዶች ላይ መቁጠር ይቻላል። ይህን መቁጠር የሚችሉት ሁለቱም ሕክምናዎች በአንድ ግቢ የሚሰጡባቸው የቻይና ሆስፒታሎች ናቸው፤ ውጤቱን ማንም ይክሰር ማን ማተም ይጠበቅባቸዋል።